እርሾው ከእንጀራው አልመጣም

በሱዳንና በኢትዮጵያ ጠረፍ፣ በገዳሪፍ ከተማ፣ በገላባትና በመተማ ዮሐንስ አካባቢ የሚኖር ሰው ብልቱን ሲያሳክከው ወይም ብሽሽቱ ቀልቶ ሲላጥ፣ ከጎረቤትም ሆነ ከስልክ መጀመሪያ የሚደርሰው ምክር ስለ ምግብ ነው፦ እንጀራ ይቅር፣ ዳቦ ይቅር፣ ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣ፣ እርሾ የነካው ሁሉ ከገበታ ይነሳ። ነገሩ ለጆሮ ይጥማል። ማሳከኩን የሚያመጣው ካንዲዳ የእርሾ ዘመድ ነው፤ እርሾ ደግሞ በሊጡ ውስጥ አለ፤ ስለዚህ ሊጡን የተወ ሰው በሽታውን ያስራበዋል ይባላል። ዝምድናው እውነት ነው፣ መደምደሚያው ግን አይከተልም። ካንዲዳ ከገበታ የሚገባ እንግዳ ሳይሆን የሰውነት ቤተኛ ነው፤ በአፍ፣ በአንጀት፣ በቆዳ እጥፋትና በሴት ብልት ውስጥ ከሌሎች ተሕዋስያን ጋር ተቻችሎ ይኖራል። ምንም ምልክት ከሌላቸው ጤነኛ ሴቶች መካከል ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት በብልታቸው ይዘውት ይዞራሉ። ከ4 ሴቶች 3ቱን ደግሞ በዕድሜያቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ያሳክካቸዋል። ቤተኛው የሚያስቸግረው የሚጠብቁት ሲዳከሙ ወይም ቦታው ሲመቸው ነው። በዚህ ጠረፍ ላይ የሚያመቻቹለት ነገሮች ደግሞ ይታወቃሉ፦ ሙቀትና እርጥበት፣ ያለ ትእዛዝ የሚዋጥ መድኃኒት፣ ሳይለካ የኖረ የደም ስኳር። ምግብ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው፤ ይህ መመሪያም ቅደም ተከተሉን በዚያው መልክ ይይዛል።

የመጀመሪያው እርምጃ አንዳች ነገር ከመቀባትና ከመዋጥ በፊት ሕመሙ በእርግጥ ካንዲዳ መሆኑን መለየት ነው። በሴቶች ላይ ዋናው ምልክት ብርቱ ማሳከክ ነው፤ የብልቱ ዳርዳር ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሽንት ሲነካው ያቃጥላል፤ ፈሳሽ ካለ ነጭና እንደ አይብ የተቆራረጠ ነው፣ መጥፎ ጠረንም የለውም። ፈሳሹ ስስና ግራጫ ሆኖ በተለይ ከግንኙነት በኋላ የዓሣ ጠረን ካመጣ የባክቴሪያ ጉዳይ ነው። ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆኖ አረፋ ከያዘ ትሪኮሞናስ የተባለው በግንኙነት የሚተላለፍ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ባልም አብሮ ካልታከመ ተመልሶ ይመጣል። በሕፃን ምላስና ጉንጭ ላይ ያለው ነጭ ነገር በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ሲነካ ከለቀቀ የወተት ቅሪት ነው፤ ካልለቀቀ ወይም ሲለቅ ሥሩ ቀልቶ ከታየ ካንዲዳን ይጠርጥሩ። "ሰውነቴን አውቀዋለሁ፣ ምርመራ ምን ያደርግልኛል?" የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ይህንኑ ፈትሿል። ካንዲዳ ይዞኛል ብለው መድኃኒቱን ራሳቸው የገዙ 95 ሴቶች ሲመረመሩ፣ ካንዲዳ ብቻ የተገኘባቸው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ነበሩ። ከቀሩት ብዙዎቹ የፈንገስ መድኃኒት ብቻውን ለማይፈታው ሕመም ሲገዙት ነበር ማለት ነው። ምርመራው ማይክሮስኮፕ ያለው ማንኛውም ላቦራቶሪ በደቂቃዎች የሚጨርሰው ነው።

ካንዲዳ መሆኑ ከታወቀ ቀጥሎ የሚጠየቀው በሩን የከፈተለት ምን እንደሆነ ነው። ያለፉትን ጥቂት ሳምንታት ወደኋላ ይቁጠሩ። ለጉንፋን፣ ለሆድ ወይም "ለውስጥ ቁስለት" ተብሎ አሞክሲሲሊን፣ ሲፕሮ ወይም ዶክሲሳይክሊን ወስደው ነበር? ፀረ ባክቴሪያው ካንዲዳን አይገድለውም፤ የሚገድለው ካንዲዳን በልክ የሚይዙትን ጎረቤቶቹን ነው። በአካባቢው እነዚህን መድኃኒቶች ያለ ሐኪም ወረቀት ማግኘት ቀላል ስለሆነ፣ ብዙ ሰው ማሳከኩን በገዛ ገንዘቡ የሚገዛው ሳያውቀው ነው። በሐኪም የታዘዘልዎትን ግን ማሳከክ ፈርተው በመሃል አያቋርጡ። ሁለተኛው ጥያቄ ስኳር ነው፤ በሻይ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ሳይሆን በደም ውስጥ ያለው። ማሳከኩ ከተመላለሰ፣ ጥማትና ሽንት ከበዛ፣ ወይም ወንድ ሆነው የብልትዎ ጫፍ በተደጋጋሚ ከቀላና ከተሰነጣጠቀ የጾም ስኳር ያስለኩ፤ 126 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከጸና የስኳር ሕመም ነው፤ እሱ ሳይስተካከል የሚቀባው ሁሉ ለጥቂት ቀን ብቻ ይሠራል። ሦስተኛው የፊት ማቅያ ክሬም ነው። በገበያ ከሚዞሩት ብዙዎቹ ስቴሮይድ ያለባቸው ናቸው፤ ስቴሮይድ ማሳከኩን ለሰዓታት ያስታግስና ፈንገሱን ያሰፋዋል፤ በብሽሽት ላይ መቀባት እሳት ላይ ጋዝ እንደማርከፍከፍ ነው። እርግዝናም በራሱ ምክንያት ይሆናል፤ ያ ሕመም አይደለም፣ ሕክምናውን ግን ይለውጣል።

እዚህ ላይ የአካባቢው የራሱ ጥንቃቄ አለ። የገዳሪፍ ግዛት ከሱዳን ሁሉ ካላዛር የተባለው ሕመም የሚበዛበት ምድር ነው፤ በመተማና በሑመራ በኩልም እንዲሁ። አዋቂ ሰው አፉ ውስጥ ነጭ ነገር ወጥቶበት፣ አብሮ ለሳምንታት የቆየ ትኩሳት፣ ክሳትና በግራ ጎን ያበጠ ጣፊያ ካለው፣ "የአንጀት ፈንገስ ነው" ብሎ ምግብ መቀነስ ሕይወት ያስከፍላል። የካላዛርና የኤችአይቪ ምርመራ በዚያው ሳምንት ያስፈልገዋል፤ ሁለቱ በእርሻ ሠራተኞች ላይ ተዳብለው የሚገኙበት አካባቢ ነውና።

ከተፈጥሯዊ መንገዶች ሁሉ በዚህ አገር ብዙ የሚጠቅመው፣ ግን ማንም እንደ ሕክምና የማይቆጥረው መድረቅ ነው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ገዳሪፍ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከሰኔ ጀምሮ ዝናቡ ሲገባ ጥቁሩ አፈር ይጨቀያል፣ ልብስ ለሁለት ቀን ተሰቅሎ አይደርቅም። ሻይና ቡና በመሸጥ የምትተዳደር ሴት ከጠዋት እስከ ማታ ከከሰል ምድጃ አጠገብ አጭር በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፤ ከቀሚሱ ሥር የናይለን ሱሪ፣ ከሱሪው ሥር የናይለን ፓንት አለ፤ ላቡ መውጫ የለውም። በዝናቡ ወራት ሰሊጥ የሚያርም ሠራተኛም በጎማ ቦቲና በረጠበ ሱሪ ይውላል። ለእሷም ለእሱም የሚሆነው አንድ ነው፦ ከሥር የጥጥ ፓንት፣ ከላይ ሰፊ ልብስ፣ ቀትር ላይ አንድ ጊዜ መቀየር፤ ማታ ብሽሽትን፣ የጡትን ሥርና የጣቶችን መካከል በደረቅ ጨርቅ መታ መታ አድርጎ ማድረቅ እንጂ መፈግፈግ የለም፤ ከተቻለ ያለ ፓንት መተኛት። ማሳጅ ቅባትና ቫዝሊን እርጥበቱን ስለሚዘጉት በታመመ እጥፋት ላይ አይቀቡ።

የልብስ አደራረቅም የራሱ ጣጣ አለው። የሴት ፓንት በሰው ዓይን ፊት አይሰጣም ስለሚባል ብዙ ጊዜ የሚሰቀለው በጨለማው ጓዳ፣ ከሌላ ልብስ ሥር ነው፤ በኡም ራኩባና በቱናይድባ የስደተኞች መጠለያዎች ደግሞ በጠባብ ድንኳን ውስጥ ነገሩ ይብሳል። ሲለበስ ስፌቱ ገና እርጥብ ነው። ነውሩን ሳይነኩ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ፓንቱን ገልብጠው ፀሐይ ላይ ዘርግተው ስስ ነጠላ ከላዩ ይጣሉበት። ሙቀቱም ነፋሱም ያልፋል፣ የሚታይ የለም። ፀሐይ በሌለበት በዝናቡ ወር የከሰል ካውያ በውስጠኛው ስፌት ላይ ሁለት ጊዜ ማለፍ ይበቃል። የወር አበባ ጨርቅም እንዲሁ ይደረግ።

ውሃ ገዳሪፍ ውስጥ ውድ ነው፤ በአህያ ጋሪ እየተሸጠ ይመጣል። ብዙ ሴት ሕመሙን ከውሃ እጥረትና ከንጽሕና ጉድለት ጋር አያይዛ ራሷን ትወቅሳለች። ወቀሳው ከቦታው ውጭ ነው። ሴቶች ካንዲዳን ይበልጥ የሚያባብሱት ባለመታጠብ ሳይሆን አብዝተው በመታጠብ ነው፦ ብልትን ወደ ውስጥ በሳሙና፣ በፀረ ጀርም ፈሳሽ፣ በሎሚ፣ በኮምጣጤ ወይም በጨው ውሃ ማጠብ። ብልት ውስጡን ራሱ ያጸዳል፤ የሚጠብቁት ባክቴሪያዎች ጠንካራ ሳሙና ሲደርስባቸው ያልቃሉ። በቀን አንድ ጊዜ የውጭውን ክፍል ብቻ፣ ከፊት ወደ ኋላ፣ በአንድ ጣሳ ንጹሕ ውሃ መታጠብ በቂ ነው። መዳኑ ከጀሪካኑ ይልቅ በማድረቂያው ጨርቅ ላይ ያርፋል።

ጢሱስ? ሱዳናውያን ባለትዳር ሴቶች መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍረው የጠልሕ እንጨት ያጤሱና ከባድ ሸምላ ተከናንበው ይቀመጡበታል፤ ዱኻን ይሉታል። ከጠረፉ ወዲህ ያለው የወይባ ጢስ የቅርብ ዘመዱ ነው። ለወገብ፣ ለቆዳ ቀለም፣ ለመዓዛና ለትዳር ክብር የሚሰጠው ዋጋ የባህል ጉዳይ ስለሆነ ይህ መመሪያ አይከራከርበትም። ለማሳከክ ይፈውሳል ሲባል ግን የሚሆነውን ማየት ይበጃል። ሰውነት በሸምላ ሥር ለረጅም ጊዜ ላብ በላብ ይሆናል፤ ይህ ካንዲዳ የሚፈልገው ሁኔታ ነው። ጢሱ የቆዳውን ላይኛ ክፍል ስለሚያደርቅ ለአንድ ቀን ማሳከኩ የቀነሰ ይመስላል፤ የተቃጠለና የተሰነጠቀ ቆዳ ግን ነገ ይበልጥ ያሳክካል። ማሳከክ ባለበት ሳምንት ይተዉት፤ በሌላ ጊዜ ሲያደርጉም በር ይከፈት፣ ጭሱ በዝግ ክፍል ውስጥ መርዝ ነውና፤ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ጨርሶ ይቅርብዎ።

አሁን ወደ ማዕዱ። እርሾን የመፍራቱ ወሬ በዓለም የተስፋፋው ዊሊያም ክሩክ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ ነው፤ ድካም፣ ራስ ምታት፣ ድብርት ሳይቀር በካንዲዳ ላይ ተሳበበ፣ እርሾና ስኳርም ተከለከሉ። የአሜሪካ የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበር በ1986 ሐሳቡን ያልተረጋገጠ ሲል አልተቀበለውም፤ በ1990 የታተመ ሙከራም ይህ ሕመም አለባቸው በተባሉ 42 ሴቶች ላይ የፈንገስ መድኃኒቱ ድካሙንና ድብርቱን ከባዶ ክኒን የተሻለ እንዳላስታገሠ አሳየ። ሊጥ አቡክታ የምታውቅ ሴት ግን ጠንከር ያለ መከራከሪያ አላት፤ ስኳርና ሙቀት እርሾን ሲያፈላ በዓይኗ አይታለች፣ በሆድ ውስጥስ ለምን አያፈላም ትላለች። መልሱ ሁለት ነው። የእንጀራውና የሱዳኑ ቂጣ የኪስራ እርሾ ምጣድ ላይ ሞቶ ነው ገበታ የሚደርሰው፤ በሕይወት የሚጠጣው የጠላና የጠጅ እርሾም ቢሆን ከሚያሳክከው ካንዲዳ ሌላ ዘር ነው። የሚበላው ስኳር ደግሞ በትንሹ አንጀት ተመጥጦ ወደ ደም ይገባል፤ ጤነኛ ሰውነት የደሙን መጠን ስለሚቆጣጠር ብልት ወይም ብሽሽት ድረስ የሚፈስ ትርፍ የለም። በጀርመን በ28 ጤነኞች ላይ ተሞክሮ በ1999 የታተመ ጥናት ብዙ ስኳር መብላት የካንዲዳን ብዛት የለወጠው እጅግ በጥቂቱ መሆኑን አገኘ። ሙከራው ትንሽ ነው፣ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ እስካሁን የለም። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ጉዳይ የተለየ ነው፤ ስኳሩ ወደ ሽንቱ ይፈስሳል፣ ለእሱ የሊጧ ባለሙያ አነጋገር ቃል በቃል እውነት ይሆናል። እሱ ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣ፣ ለስላሳውን ይተው፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውሰድ።

ለሌላው ግን ክልከላው ዋጋ አለው። ከራሽን ማሽላና ጥራጥሬ ውጭ ምርጫ የሌላት ነፍሰ ጡር ኪስራውንና እንጀራውን ስትተው የምትተወው ጉልበቷንና ብረቷን ነው፤ የደከመ ሰውነት ደግሞ ካንዲዳን አይችለውም። ስለዚህ የምግቡ እርምጃ ቀለል ያለ ነው፦ የለመዱትን ይብሉ፣ ከሻዩ ሦስት ማንኪያ ስኳር አንዱን ወይም ሁለቱን ለጥርስዎና ለክብደትዎ ሲሉ ይቀንሱ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ቅጠላ ቅጠልና እንደ አቅም እንቁላል ይጨምሩ። እርጎ ቢገኝ መልካም ነው፤ ሱዳኖቹ ዘባዲ የሚሉት ያልጣፈጠው ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በየቀኑ እርጎ የበሉ ሴቶች ላይ ሕመሙ እንደቀነሰ ቢያሳይም፣ እስከ መጨረሻ የቆዩት 13 ብቻ ነበሩ። በሜልቦርን ተሠርቶ በ2004 የታተመውና የ235 ሴቶችን ውጤት የመዘነው ትልቅ ሙከራ ደግሞ ከፀረ ባክቴሪያ ጋር የተሰጠው የእርጎ ዓይነት ባክቴሪያ ማሳከኩን እንዳልከለከለ አገኘ። እንግዲህ እርጎን እንደ ምግብ ይውደዱት፤ እንደ መድኃኒት ተስፋ አይጣሉበት።

ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድና ማር የራሳቸው ጠበቆች አሏቸው፤ "በላቦራቶሪ ፈንገስ ገድለዋል" ይባላል። ገድለዋል፣ የፈላ ውሃም ይገድላል። ጥያቄው ሰውነት ውስጥ በማይጎዳ መጠን ይደርሳሉ ወይ የሚለው ነው። በሜልቦርን በ63 ሴቶች ላይ የተሞከረ የነጭ ሽንኩርት ክኒን የካንዲዳን ቁጥር አልቀነሰም፤ ጥሬውን ብልት ውስጥ ማስገባት ደግሞ ቆዳውን ያቃጥላል። ስለ ማር በግብፅና በኢራን የተሠሩ ትንንሽ ሙከራዎች ከእርጎ ጋር ተቀላቅሎ እንደሚረዳ ይናገራሉ፤ በገበያ የሚሸጠው ማር ግን ስንቱ የስኳር ሽሮፕ እንደሆነ የገዛ ሰው ይገምተው። ወጥ ውስጥ ሽንኩርቱም አዝሙዱም እንደልብ ይግቡ።

ማሳከኩ እነዚህን ሁሉ አድርገው በአንድ ሳምንት ካልተወ፣ ወይም ከመጀመሪያው ከበረታ፣ መድኃኒቱ ርካሽና የታወቀ ስለሆነ በተፈጥሮ ስም ራስን ማሠቃየት አያስፈልግም። ክሎትሪማዞል ብልት ውስጥ የሚገባ 500 ሚሊግራም አንድ ጊዜ፣ ወይም 100 ሚሊግራም ለ6 ወይም ለ7 ሌሊት ይሠራል፤ ለብሽሽትና ለጡት ሥር ቅባቱ በቀን 2 ጊዜ፣ ቆዳው ከጸዳ በኋላም ሳምንት ይቀጥላል። በብልት ሲገባ ኮንዶምን ሊያዳክም ይችላል። የሚዋጠው ፍሉኮናዞል 150 ሚሊግራም አንድ እንክብል ነው፤ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ ለእሷ የሚሆነው የ7 ሌሊቱ ክሎትሪማዞል ነው። ለሕፃን አፍ የናይስታቲን ጠብታ በቀን 4 ጊዜ ይደረጋል፣ ነጩ ከጠፋ በኋላም 2 ቀን ይጨመራል፤ የእናት ጡት ጫፍ ከቆሰለ አብሮ ይታከም፣ ጡጦ ካለ ጎማው ይቀቀል። በዓመት 4 ጊዜና ከዚያ በላይ ለሚመላለስባቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ትልቅ ሙከራ ፍሉኮናዞል በሳምንት አንዴ ለ6 ወር ሲወሰድ ከ10 ሴቶች 9ኙ በዚያ ጊዜ ውስጥ ነጻ እንደሆኑ አሳይቷል፤ ሲቆም ግን ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ተመልሷል። በሩን የከፈተው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ የሚሄደው ለዚህ ነው። ትኩሳት፣ የታችኛው ሆድ ሕመም ወይም ደም ካለ ግን መድኃኒት ቤቱን አልፈው በቀጥታ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ገዳሪፍ ላይ ሰይደሊያ (መድኃኒት ቤት) ውስጥ ገብተው በአረብኛ ማስረዳት ሲያቅትዎ አራት ቃል ይበቃል። ፉጥሪያት ፈንገስ ነው፣ ሐካ ማሳከክ፣ ሱከሪ የስኳር ሕመም። አራተኛው ለሴቶች ነው፤ ባለሙያው ፍሉኮናዞሉን ከመደርደሪያ ሲያነሳ ካዩ ሳይጠየቁ ይናገሩት፦ አና ሐሚል፣ ነፍሰ ጡር ነኝ።